ከመጋረጃው ወዲያ የተጠራው ቁጥር

ደብረ ማርቆስ መጥታችሁ «አንሙት ልብስ ሰፊው የት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ወንዶቹ «አየ፣ ያ ቀልደኛው!» ይሏችኋል። ሴቶቹ ደግሞ ፈገግ ይሉና «እጁ ወርቅ ነው» ይሏችኋል። በዚያ ፈገግታ ውስጥ አንድ ነገር እንዳለ ለማወቅ ሠላሳ ስድስት ዓመት ፈጀብኝ። የማጫውታችሁም ስለዚሁ ፈገግታ ነው። ሐሙስ ተጀምሮ እሑድ ያለቀ ነገር ነው፤ እኔን ግን እንደ አሮጌ ኮት ገልብጦ ሰፍቶኛል።

አስቀድሜ የዚያን ጊዜውን አንሙትን፣ ማለትም ራሴን፣ ላስተዋውቃችሁ። ዕድሜው ሰባ አንድ፣ ጥርሱ ጥቂት፣ ወሬው ብዙ። በረንዳው ላይ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ፣ ከጎኑ ረጅም አግዳሚ ወንበር አስቀምጦ፣ ሥራ የፈታውን የከተማ ሽማግሌ ሁሉ ሰብስቦ ሲሰፋ የሚቀልድ፣ ሲቀልድ የሚሰፋ ሰው ነው። ወገቡ ከሠርጉ ቀን ጀምሮ አንድ ጣት እንዳልጨመረ፣ ያው ሰማንያ ሁለት እንደሆነ ሳይናገር የዋለበት ቀን የለም። የራሱን ሱሪ እንኳ የሚቆርጠው ተለክቶ ሳይሆን ደብተሩ ላይ «አንሙት፣ ወገብ 82» የሚለውን አይቶ ነው። ለምን ይለካ? ደብተሩ ያውቃል።

ድሮ ሰው ጨርቅ ይዞ ይመጣ ነበር፤ አሁን የተሰፋውን ገዝቶ ይመጣል። ፋብሪካው የሚሰፋው ደግሞ የት አገር እንዳለች ለማናውቃት ለአንዲት ሴት ነው፤ ትከሻዋ ሰፊ፣ ደረቷ ሜዳ የሆነች። የእኛ ሴቶች ያችን ሴትዮ ሊመስሉ ሸሚዙን ይገዛሉ። ቤት ወስደው ሲለኩት ከፊት አይገጥምም። ያን ጊዜ ወደ እኔ ነው።

በሱቄ አንድ ደንብ አለ፤ እኔ ሴት አልለካም። ባለቤቴ ይርገዱ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ትለካለች፣ ቁጥሩን ጮክ ብላ ትጠራለች፤ እኔ ከመጋረጃው ወዲህ በደብተሬ እጽፋለሁ። «ትከሻ አርባ! ደረት ዘጠና ሁለት! ወገብ ሰማንያ!» እሷ መሪ፣ እኔ ተቀባይ። ሰፍቼ ስጨርስ ልብሱን ወደ ቤት ትወስደዋለች፤ ቁልፍ ትተክላለች፣ የተንጠለጠለ ክር ትለቅማለች፣ ትተኩሳለች። ለባለቤቶቹ የምታስረክበውም እሷው ናት። ሁለት አመል ብቻ ነበራት። አንደኛው፣ «በስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ ተው፣ ሲታጠብ ይገባል!» እያለች መነዝነዝ ነው። ሁለተኛው፣ ቁርጥራጩን «ለትራስ ይሆናል» እያለች መሰብሰብ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ቁርጥራጭ ሰበሰበች። ትራሱን አንድም ቀን አላየሁም፤ አለማየቴንም ልብ አላልኩም።

በዚያ ጥር ይርገዱ አልነበረችም። ልጃችን ደምበጫ ወልዳ ስለነበር ልታርሳት ሄዳ ሁለተኛ ሳምንቷን ይዛለች። ጥር እኛ ዘንድ እንዴት ያለ ወር እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከከተማው ዳር ካሉት አውድማዎች የሚነሣው የገለባ ብናኝ ከሰዓት በኋላ አየሩን ሞልቶ፣ ፀሐይዋ እንደ ማር ትወፍራለች። ሰው ሲራመድ የሚዋኝ ይመስላል። የባጃጁ ጥሩምባ እንኳ ከሩቅ፣ ከውሃ ሥር የሚመጣ ዓይነት ነው። እኔም በዚያ ብርሃን ውስጥ መኪናዬን እየረገጥኩ፣ ግማሽ ተኝቼ ግማሽ ነቅቼ እሰፋ ነበር። በዚያ ሳምንት ሁለት ሴቶች ጠበበን ብለው ሸሚዛቸውን መልሰው አምጥተውልኝ ነበር። «ሸሚዙ አልጠበበም፤ የጥር ድግስ ነው ያወፈራችሁ» ብዬ በሳቅ ሸኘኋቸው። ሳቁ የእኔ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት መምህርት ውባለም መጣች። መስማት የተሳናቸውን ልጆች የምታስተምር፣ ከሠላሳ ብዙም ያላለፈች ረጋ ያለች ልጅ ናት። ሁልጊዜ አንድ ሰፊ ደብተር ደረቷ ላይ አቅፋ ነው የምትሄደው። ትምህርት በጣም ብትወድ ነው እል ነበር።

«ጋሽ አንሙት፣ እንዴት ዋሉ?»

«እንዴት ዋልሽ ልጄ? ይርጌን ፈልገሽ ከሆነ ትታኝ ደምበጫ ኮብልላለች።»

ፈገግ አለችና ከፌስታል ውስጥ ጥቁር ሰማያዊ ባለ ረጅም እጅጌ ሸሚዝ አወጣች። «እሑድ ይጁቤ ሠርግ አለብኝ። ሙሽሮቹ ሁለቱም ተማሪዎቼ ነበሩ፤ አይሰሙም። የማስተረጉመው እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለሠርግ ጥቁር? የሀገር ልብስሽን ለብሰሽ፣ ነጠላሽን ጣል አድርገሽ...»

«ነጠላ አይሆንም። እጄ ጎልቶ የሚታያቸው ባልተዥጎረጎረ ጥቁር ልብስ ላይ ነው። ነጭ ከለበስኩ ከሩቅ ይጠፋል። ነጠላ ደግሞ ይንሸራተታል፤ በአንድ እጄ እሱን ስይዝ ግማሹ ንግግር ይቀራል።» እጆቿን ከደብተሩ ላይ አንስታ አሳየችኝ። «እጄ እኮ አፌ ነው ጋሽ አንሙት።»

«እሺ፣ ሸሚዙ ምን ሆነ?»

ጎረቤት እንዳይሰማት ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ከፊት አይገጥምም። ቁልፉ ቢቆለፍም እጄን ሳነሣ ይከፈታል። ብርቄ፣ ሙሽራዋ፣ ለአባቷ የምትለው ነገር አላት። በዕድሜዋ ሙሉ ብላው አታውቅም፤ አባቷ የእጅ ቋንቋ አይችሉም። ሰው ሁሉ ባለበት በእኔ በኩል ልትነግራቸው ነው፤ እሳቸውም በእኔ በኩል ሊመልሱላት። እኔ ደግሞ እንዲህ ሆኜ ሰው ፊት ልቆም አልችልም። ሌላ ሰው ፈልጉ ልላቸው ነበር።»

«በያቸዋ።»

«ሌላ ሰው የለማ!»

የሚለካ አልነበረም። ግን ደብተሬ ነበር። ገለጥኩት፤ አምና ቀሚስ ስንሰፋላት የተጠራው በእጄ ጽሕፈት ተቀምጧል። «ውባለም፣ ደረት 92።» ሸሚዙን ለካሁት፤ ዘጠና አራት። እንደ ደብተሩ ከሆነ ሁለት ተርፎት ሊገጥም ይገባ ነበር። ፋብሪካ ውሸታም ነው ብዬ፣ ለጋስ ልሁን ብዬ፣ ጎንና ጎኑን ፈትቼ በየጎኑ ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር ጨርቅ ጨመርኩ። በአርባ ዓመት ሙያዬ የማውቀው ማስፊያ ይኸው ነው፤ ጠበበ ሲባል ከጎን መጨመር።

ዓርብ ጠዋት መጥታ መጋረጃው ውስጥ ለበሰችው። ወጣች። አግዳሚው ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። «እስቲ እጅሽን አንሺ» አልኳት። አነሣች። ከደረቷ ላይ አንዷ ቁልፍ ተስፈንጥራ መጥታ መነጽሬን ቀጭ አደረገችው።

«ተኩስ ተከፈተ!» አልኩ።

አግዳሚው በሳቅ ተንከባለለ። እኔም ሳቅሁ። ውባለም ደብተሯን ከወንበሩ ላይ አንስታ ደረቷ ላይ ያዘችው። አልተቆጣችም። ፊቷ ላይ የነበረው እንደዚህ ያለውን ነገር ሲጠብቅ የኖረ ሰው ፊት ነበር።

«የአምናው ቀሚስ ታዲያ እንዴት ልክ ሆነ?» አለችኝ ቀስ ብላ። «እንደ ውሃ ነው የሚፈስልኝ።»

«እስቲ አምጪው።»

ቤቷ ቅርብ ነው፤ አመጣችው። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ደረቱን ለካሁ። መቶ ስምንት። ድጋሚ ለካሁ። መቶ ስምንት! በዘጠና ሁለት ልክ የቆረጥኩት፣ በእጄ የሰፋሁት ቀሚስ! ገለበጥኩት። ከብብቱ በታች፣ ከሩቅ የማይታወቅ ከዚያው ጨርቅ የተቆረጠ ቁራጭ ገብቶበታል፤ ላዩ ሰፊ፣ ታቹ ሾጣጣ። ከጎኑ ደግሞ ወደ ደረት የምታመለክት ፒንስ አለች፤ ፒንስ የምንለው ጨርቁ እንዲጎብጥ ቆንጠጥ አድርጎ መስፋትን ነው። ሁሉም በእጅ የተሰፋ። በክሩ ጫፍ ላይ ሦስት ጥቃቅን ቋጠሮ።

በሦስት ቋጠሮ የምትጨርስ ሴት አንዲት ብቻ አውቃለሁ። ጠዋት ጠዋት የኮቴን ቁልፍ የምትቆልፍልኝ ናት።

ብርሃኑ በጨርቁ ላይ ተኝቶ ነበር። እኔ የሰፋሁት የመሰለኝን ልብስ እንደ እንግዳ ሰው አየሁት።

ስልክ የለህም ወይ እንዳትሉኝ፤ ደወልኩ። «ይርጌ፣ ከውባለም ቀሚስ ውስጥ ስፌትሽን አገኘሁት» አልኳት። ከወዲያ ሕፃን ያለቅሳል።

«አገኘኸው?» አለች። «በል ና። ይህ በስልክ የሚነገር አይደለም።»

ውባለምን «ነገ ከሰዓት በኋላ ነይ፤ እስከዚያ ለሠርገኞቹ ምንም እንዳትያቸው» ብዬ፣ ቀሚሱንም ሸሚዙንም በፌስታል ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ከማርቆስ ደምበጫ ሩቅ አይደለም፤ ለእኔ ግን ያን ቀን መንገዱ ማለቂያ አልነበረውም። በመስኮቱ የጤፍ ነዶ ክምር፣ ሌላ ክምር፣ ደግሞ ክምር ያልፋል። በሬዎች በአውድማ ላይ ይዞራሉ። ዓይኔ ተከደነ። በሕልሜ ከመንገዱ ግራና ቀኝ በዛፎቹ መካከል ገመድ ተዘርግቶ፣ በዕድሜዬ የሰፋኋቸው የሴት ልብሶች ሁሉ ተሰጥተውበት አየሁ። ነፋስ ይገባባቸዋል፤ ደረታቸው ይሞላል፤ እጃቸውን አንስተው ያወርዳሉ። አንድም ፊት የለም። «የማን ነሽ?» እላቸዋለሁ። ልብሶቹ ሁሉ በአንድነት ፈገግ አሉ። ልብስ እንዴት ፈገግ እንደሚል አትጠይቁኝ፤ ሕልም ነው።

ደምበጫ ገበያዋ ነበር። በፈረስና በባጃጅ መካከል ተጋፍቼ የልጄ ግቢ ስደርስ ይርገዱ ከግድግዳው ሥር ተቀምጣ ሕፃኑን ፀሐይ ታሞቃለች። ሰላምታ እንኳ በወጉ አላቀረብኩም።

«ስንት ነው የውባለም ደረት?»

«መቶ አራት።»

«ዘጠና ሁለት ብለሽ ነው የጠራሽልኝ!»

«ለአንተ መች ጠራሁ? ለአግዳሚው ወንበር ነው የጠራሁት።»

ከፊቷ ቁጭ አልኩ። ሕፃኑ በአንድ ዓይኑ አየኝ፤ ወዲያው ሰለቸሁት መሰለኝ ተኛ።

«ሱቁን የከፈትን ሰሞን ነው» አለች ይርገዱ። «አንዲት ቅቤ ነጋዴ መጣች፣ ከገጠር። የተሰፋ ሸሚዝ ስትገዛ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ለልጇ ምርቃት ልትለብሰው። ለካኋት። እኔም ሞኝ ነበርኩ፣ ያገኘሁትን ቁጥር ጮክ ብዬ ጠራሁት። ‹ደረት መቶ ስምንት!› ከመጋረጃው ወዲህ አንድ ሰው ‹ከኩንታል አለፈች!› አለ። አግዳሚው ሁሉ ሳቀ። ሴትየዋ አጠገቤ እጇን ዘርግታ ቆማለች፤ ለመለካት እንደዘረጋችው። እንዲህ አድርጋ አወረደችው።» ይርገዱ ሕፃኑን ያልያዘችበትን እጇን ቀስ አድርጋ አወረደች። «ሸሚዙን ትታ በጓሮ በር ወጣች። ተመልሳ አልመጣችም።»

«ማነው እንዲህ ያለው ባለጌ?»

ይርገዱ ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

ያን ጊዜ አስታወስኩት። ቀልዱን አስታወስኩት። ለዓመታት በየድግሱ የደጋገምኩት፣ ሰው «እስቲ ያችን የኩንታሏን አውራን» ሲለኝ ያወራሁት ቀልድ ነው። ሴትየዋን ግን አላስታውሳትም። መልኳን ፈለግሁ፣ ድምጿን ፈለግሁ፤ የለም። ባለቤቱ ያልወሰደው ልብስ ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ እንደሚቀር ቀልዱ ብቻውን ተሰቅሎ ቀርቷል።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ብነግርህ ትቀልድበት ነበር።»

አጠገባችን ዶሮዎች ገለባ ይጭራሉ፤ የሚጭሩት ገለባ እንኳ ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁጥሩን አሳንሳ ትጠራለች። እኔ አጥብቤ እሰፋለሁ። እሷ ቤት ወስዳ ትርፉን ትለቅቃለች፣ ቁርጥራጩን ትጨምራለች፣ ፒንሷን ታወጣለች። ስታስረክብ ለሴቶቹ በጆሯቸው «ለአንሙት እንዳትነግሩት» ትላቸዋለች። እነሱም ፈገግ ብለው «እጁ ወርቅ ነው» እያሉ ይሄዳሉ። የማርቆስ ሴት ሁሉ የሚያውቀውን እኔ ብቻ አላውቅም ነበር።

«እውነተኛውን ልክ ታዲያ የት ነው የምትጽፊው?»

«አልጽፍም፤ እቋጥራለሁ። ቤት ሣጥኔ ውስጥ፣ ከሠርግ ልብሴ ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አለ። ለእያንዳንዷ አንድ ክር። የውባለም አረንጓዴው ነው፤ አረንጓዴ እወዳለሁ ስላለችኝ።»

«አንቺ ነያ! ነገ ትመጣለች፣ ከነገ ወዲያ ሠርጉ ነው።»

«አራስ ጥዬ? ምን ሆነሃል አንተ ሰውየ? አንተ ትሰፋዋለህ።»

ከፌስታሌ ሸሚዙን አውጥታ አገላበጠችው። የጨመርኩትን ስታይ ሳቋን መያዝ አልቻለችም።

«ጡት ያለው ከፊት ነው፤ አንተ ጨርቅ የምትጨምረው ከጎን ቀጥ አድርገህ ነው። እንዲህ እየጨመርክ ወገቧን ጆንያ ታደርገዋለህ እንጂ ከፊት አይገጥምም።» የሕፃኑን ፎጣ አንስታ ጉልበቷ ላይ ጣለችው። «እይ። ጉልበት ላይ ጨርቅ ስትጥል ዳሩ ይነሣል፣ ይንጋደዳል። አሁን እዚህ ጋ ቆንጥጠው።» ቆነጠጥኩት። ፎጣው ጎበጥ ብሎ ጉልበቷ ላይ ቁጭ አለ። «አየህ? ቦታ ስትሰጠው ይቀመጣል። የፒንሷ ጫፍ ግን ጡቱ ጫፍ ድረስ አትድረስ፤ ሁለት ጣት ሲቀራት አቁማት፣ አለዚያ ትሾላለች።»

«ጨርቁንስ ከየት አመጣለሁ? የፋብሪካ ስፌት ትርፍ የለው።»

«እጅጌው ረጅም አይደል? እስከ ክርኗ ቁረጠው። በእጇ ስትናገርም ይቀልላታል፤ ከተረፈው ሁለት የብብት ቁራጭ ይወጣልሃል። ደረቷ ላይ ካሉት ሁለት ቁልፎች መካከል ደግሞ ከውስጥ የማትታይ ትንሽ ቁልፍ ጨምር።» ከዚያ ሸሚዙን መለሰችልኝ። «በእጅህ ስፋው። በመኪና እንዳትቸኩልበት።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለስኩ። ቅዳሜ በጠዋት ሣጥኑን ከፈትኩ። የሠርግ ልብሷን አነሣሁ፤ ቆርቆሮው እዚያው ነበር። ክዳኑን ሳነሣው በመስኮት የገባው ብርሃን ክሮቹ ላይ ወደቀ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ አመዳም፣ እያንዳንዳቸው ተጠቅልለው፣ እያንዳንዳቸው በቋጠሮ። ስም የለም። በየቀኑ በበረንዳዬ ፊት የሚያልፉት፣ «ጋሽ አንሙት እንዴት አደሩ» የሚሉኝ ሴቶች ሁሉ እዚያ ተኝተዋል። ጮክ ብዬ መተንፈስ ፈራሁ። ከሥር አንድ ወፍራም ነጭ ክር ነበረ፤ ከጫፉ አጠገብ ተከታትሎ ቋጠሮ በቋጠሮ የሆነ። የማን እንደሆነ አልገባኝም፤ መለስኩት።

አረንጓዴውን ወሰድኩ። ከጫፉ እስከ አንደኛው ቋጠሮ ከትከሻ እስከ ጡት፣ ከዚያ እስከ ሁለተኛው ከጡት እስከ ጡት፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ዙሪያውን። አሠራሩን የነገረችኝ ይርገዱ ናት። ሸሚዙ ላይ አስቀምጬ በጠመኔ ምልክት አደረግሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንዲትን ሴት በትክክል ለካሁ፤ እሷ በሌለችበት፣ በክር።

የሐሙሱን ሥራዬን ፈታሁ። እጅጌውን ቆረጥኩ። መርፌዬን ክር ለማስገባት ስንት ጊዜ እንደሞከርኩ ባልነግራችሁ ይሻላል። ሁለት ሽማግሌዎች መጥተው አግዳሚው ላይ ሊቀመጡ ሲሉ ወንበሩን አንስቼ ከመንገዱ ማዶ ከግራሩ ሥር አኖርኩት።

«ምነው አንሙት፣ ምን አጠፋን?»

«እናንተ ምንም። ወንበሩ ነው ያጠፋው።»

ከሰዓት በኋላ ውባለም መጣች። ልትገባ ስትል «የትናንቱን ቀልዴን ይቅር በይኝ፤ አፌ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚሮጥ» አልኳት።

«ቁልፏ መነጽርዎን ባትመታልኝ ኖሮ ነበር የሚከፋኝ» አለችና መጋረጃውን ገልጣ ገባች።

የጨርቅ መንሸራተት፣ የቁልፍ ድምፅ፣ ከዚያ ምንም። እኔ መቀሴን ይዤ ቆሜያለሁ። መጋረጃው ተገለጠ። ወጣች። እጆቿን አነሣች፤ ወደ ላይ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ፊት። ሸሚዙ አብሯት ተነሣ፣ አብሯት ወረደ። አንድም ቁልፍ አልተነቃነቀችም። እጆቿ በዚያ የማር ብርሃን ውስጥ አንድ ነገር ተናገሩ።

«ምን አልሽ?»

«አልነግርዎትም» አለች እየሳቀች። ከፈለችኝ፣ አመሰገነችኝ፣ ሄደች። ትንሽ ቆይቼ መጋረጃው ውስጥ ስገባ ያ ሰፊ ደብተር እዚያ ባለችው ትንሽ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ረስታው ሄዳለች።

እሑድ እሱን ላድርስ ብዬ ይጁቤ ሄድኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደብተሩ ሰበብ ነው። ቁልፎቹን ማየት ፈልጌ ነው።

ዳሱ ውስጥ ከዳር ተቀመጥኩ። የብርቄ አባት ዱላቸውን ይዘው ከፊት ቆመዋል፤ ቀጭን ገበሬ ናቸው። ብርቄ ከባሏ ጎን ተነሣች። ከበሮው ቆመ። ውባለም በመካከላቸው ቆመች፤ ሁለቱም እጇ ባዶ። ሙሽራዋ በእጇ መናገር ጀመረች፤ ውባለም ድምፅ ሆነችላት።

«አባዬ፣ ትንሽ ልጅ ሳለሁ ከኋላዬ ስትመጣ እንዳልደነግጥ መሬቱን በዱላህ ትመታ ነበር። ድምፅህን ሰምቼ አላውቅም። መምጣትህን ግን በእግሬ እሰማ ነበር። ዛሬ ሌላ ቤት ልሄድ ነው። ልትጠይቀኝ ስትመጣ ከደጄ ላይ መሬቱን ምታልኝ።»

ሽማግሌው ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ አልወጣላቸውም። ዱላቸውን አንስተው መሬቱን አንድ ጊዜ መቱ። ብርቄ እግሯን አየች። ከዚያ ምርቃቱ መጣላቸው፤ ዝናብ እንደሚመጣ መጣላቸው። የውባለም እጆች ተነሡ። ረዥሙን የአባት ምርቃት ከአየር እየለቀመች፣ በጥቁሩ ሸሚዝ ላይ እየሳለች ለልጅቱ ሰጠቻት። እጇ ከራሷ በላይ ወጣ፣ እንደ ክንፍ ተዘረጋ፣ ደረቷ ላይ መጥቶ አረፈ። ሰው ሁሉ ያለቅሳል። እኔ ደግሞ ቁልፍ እቆጥራለሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ሁሉም በቦታቸው። ከዚያ ነው ያለቀስኩት።

ደብተሩን ስሰጣት ተቀብላ ምን እንዳደረገችው ታውቃላችሁ? ወንበር ላይ አስቀምጣ ተቀመጠችበት።

እንግዲህ እናንት አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ምን ተማርክ ብትሉኝ፣ ከሙያው ልጀምር። ሸሚዝ ስትገዙ ለደረታችሁ የሚበቃውን ግዙ፤ ትከሻና ወገብ ማጥበብ ለማንም ሰፊ ቀላል ነው፣ ከፊት የጠበበውን ማስፋት ግን የይርገዱ እጅ ይፈልጋል። አሁን በሱቄ ቁጥር አይጠራም። ሜትሩን፣ እርሳስና ወረቀት እሰጣለሁ፤ ከመጋረጃው ወዲያ ራሳቸው ይለካሉ ወይም ይርገዱ ትለካቸዋለች፣ ጽፈው አጥፈው ያቀብሉኛል። አግዳሚው ከግራሩ ሥር እንደሆነ ቀርቷል። ያችን ቅቤ ነጋዴ በየገበያው በዓይኔ ፈልጌያታለሁ። ሳላውቃት እንዴት አገኛታለሁ? ምናልባት ይህን የሚያነብላት ሰው ካለ፣ ሸሚዟ የሚሰፋበት ክር ሱቄ ውስጥ እየጠበቃት እንደሆነ ይንገራት።

ቀልድስ ተውክ ወይ ትሉኛላችሁ። ቀልድ እንዴት ይተዋል? ብቻ የምቀልድበትን ሰው ቀይሬያለሁ። አሁን የምቀልደው በአንድ ሽማግሌ ላይ ብቻ ነው፤ ሞልቶ የተረፈ ሰው ነው፣ አላልቅ ብሎኛል።

ይርገዱ ከደምበጫ የተመለሰች ዕለት ቆርቆሮውን አምጥቼ ነጩን ወፍራም ክር አወጣሁ።

«ይህችስ የማን ናት? የምን ቋጠሮ ነው ይህ ሁሉ?»

«እሱ?» አለች፣ ሻንጣዋን እየፈታች፣ ቀና እንኳ ሳትል። «እሱ የአንተ ወገብ ነው። በየዓመቱ ሱሪህን ሳሰፋልህ አንድ ቋጠሮ።»